የምርመራ ቀን ማርሚታ

ሰኞ ጠዋት በያጁ አሮጌውን ማርሚታ ከሚኒባሱ ሥር ፈትቶ መሬት ላይ ሲጥለው፣ ከውስጡ ጥላሸትና የተበላ ቆርቆሮ ተዘረገፈ። ምራቁን ተፋ። ጥቁር ነበር። እንደገና ተፋ፤ አሁንም ጥቁር።

የሞተሩን ጩኸት አፍኖ ጭሱን ወደ ኋላ እንዲያወጣ የተገጠመ ዕቃ ነበር። ግን ርካሽ ማስመሰያ ነው፤ ላይ ላዩን የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡን ለቄስ። ስድስት ወር ሳይሞላው ውስጡ በጥላሸት ተደፍኖ ጎኑ ተበሳስቷል። የጭሱን መርዝ የሚያጠራው የመኪናው ማጣሪያማ ከዚህ ዕቃ በፊት ድሮ በመዶሻ ተነቅሎ ወጥቷል።

ጋራዡ ደህና ማርሚታ አጥቶ አይደለም። አንድ ነበረው፤ ወፍራም፣ ዝገት የማይነካው፣ ማጣሪያው ያልተነካ። «ሙሽራው» ይሉታል። ሥራው ለዓመታዊ ምርመራ የሚሄድ መኪና ላይ ለአንድ ሁለት ቀን መታሰር ነው። መኪናው ምርመራውን ያልፋል፤ በማግስቱ ሙሽራው ተፈትቶ ወደ ሌላ መኪና ይሄዳል፤ የፊተኛው ወደ ጭሱ ይመለሳል። ስለዚህ ተበይዶ አያውቅም፤ በሁለት ቀለበትና በአራት ቡሎን ብቻ ይያዛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያሰረውም የፈታውም በያጁ ነው። ማጭበርበር መሆኑን ያውቃል፤ እጁ ግን ሥራውን አልተወም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሚኒባሱ ተማሪ ያመላልሳል፤ ባለቤቱም ሾፌሩም የበያጁ እህት ባል ነው። ሰኞ ሙሽራው ታሰረለት፤ ምርመራውን ማክሰኞ አለፈ። ረቡዕ ከሰዓት ሰውየው ተማሪዎቹን ሁሉ አድርሶ፣ የራሱን ልጅ ብቻ ይዞ እየሳቀ ወደ ጋራዡ መጣ።

«ይሄ ሙሽራህ ጉድ ነው» አለ ሲወርድ። «የትምህርት ቤቱን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣ የነበረ መኪና፣ ዛሬ በሦስተኛ ተፈተለከ። ነዳጁም እንደወትሮው አልጎደለም።»

«አንተስ አፍና አፍንጫህን ታፍነህ ዳገት ውጣ ብትባል አታቃስትም? ሞተሩ ትንፋሽ አግኝቶ ነው።»

«እሺ ሐኪሙ። በል ፍታልኝ፣ ባለ ታክሲው ተራ ይዟል።»

ባለ ታክሲው በሩን ተደግፎ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ሙሽራ እንዲህ ይቆያል?» አለ።

ልጅቷ ጎማ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትገምጣለች። በያጁ ገረመው። እህቱ ልጄ በየጠዋቱ ታስመልሳለች እያለች ስታለቅስ ነው የከረመችው። አባትየው ደግሞ «ትምህርት ጠልታ ነው» ባይ ነው።

«ዛሬ አላመመሽም?»

«ትናንትም አላመመኝም፣ አጎቴ። አጠገቤ የምትቀመጠዋም አልተኛችም። ሁልጊዜ እንቅልፍ ይጥላታል።»

«የት ነው የምትቀመጡት?»

«መጨረሻ ወንበር።»

በያጁ ወደ ሚኒባሱ ገባና ከመጨረሻው ወንበር ሥር ያለውን ምንጣፍ ገለጠ። የትውከትና የጭስ ሽታ አብሮ ተነሣ። ወለሉ በዝገት ተበልቶ ሦስት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቷል፤ ዳር ዳሩ ጥላሸት ጠጥቷል። አጮልቆ ሲያይ ከቀዳዳው ሥር ሙሽራው ይታያል። አሮጌውም የነበረው እዚያው ላይ ነው። ሰኞ ያራገፈው ጥላሸት ትዝ አለው። ይህ ሁሉ በልጆቹ ሳንባ ሲያልፍ ከርሟል። ማንንም አልተጸየፈም፤ የገዛ እጁን ተጸየፈ።

ወርዶ የባትሪውን ገመድ ፈታ።

«ቡሎን ለመፍታት ባትሪ ምን ያደርጋል?» አለ የእህቱ ባል።

በያጁ ጭንብሉን አጥልቆ ከሥር ገባ። ባትሪው የተፈታው ለብየዳ ነበር፤ ቀለበቶቹን ዙሪያቸውን በየዳቸው። ብልጭታው ሲረጭ ባለ ታክሲው «ኧረ ሙሽራውን ቀበረው» አለ።

ባለ ጋራዡ ከቢሮው ሮጦ ወጣ። «ማነው በይድ ያለህ? አሁኑኑ ቁረጠው።»

«እኔ አልቆርጠውም፣ ጋሼ። መጀመሪያ ወለሉን ይዩት።»

«የሰው ወለል ለእኔ ምኔ ነው? በየዓመቱ ስታስር ስትፈታ ዛሬ ነው ጻድቅ የሆንከው?»

«ልክ ነዎት። ከእርስዎ አልሻልም።»

አባትየው ግን ገብቶ አይቶታል። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቱን በቀዳዳው ሰደደ፤ ሲያወጣው ጥቁር ነው። ሱሪው ላይ ጠረገው፤ አልለቀቀም። ልጅቷን በመስኮት አያት፤ ዳቦዋን ጨርሳ ፍርፋሪ ትለቅማለች። «ትምህርት ጠልታ ነው» ሲል የከረመው እሱ ራሱ ነበር።

ወርዶ ባለ ጋራዡንም ባለ ታክሲውንም ሳያይ አለፈ።

«ባትሪውን እሰርልኝ» አለ በያጁን። «ቀዳዳውንም ድፈንልኝ። አሮጌውን እንዳታሳየኝ።»

«ታዲያ የእኔ መኪና በምን ሊያልፍ ነው?» አለ ባለ ታክሲው።

«ደህና ማርሚታ ግዛለት» አለ በያጁ።

ባለ ጋራዡ «የሙሽራው ዋጋ ከደሞዝህ ይቆረጣል፤ ነገም እዚህ በር እንዳላይህ» ብሎት ገባ።

በያጁ ቆርቆሮ ቆርጦ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ባትሪውን አሰረ። ሚኒባሱ ሲነሣ ከኋላው ጭስ አልታየም። እጁን ታጠበ፤ አፉን ተጉመጠመጠና ተፋ። አሁንም ጥቁር ነበር።