የሁለት ሰው ሴኔት

ከድንኳኑ የወንዶች ሳቅ ፈንድቶ ወደ ሴቶቹ ክፍል ሲዘልቅ፣ ወርቅዬ ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ ጣለች።

«ሰማችሁልኝ? ይህ የተዕዚያ ሐዘን ቤት ነው ወይስ ሰርግ?»

«ተያቸው» አለች እህቷ ሃፍሳ፣ ዓይኗን ከመቁጠሪያዋ ሳታነሳ። «ልጄን እያነሱ ነው የሚስቁት። የኡበይዳ ስም የተነሣበት ቦታ መቼ ያለ ሳቅ አልፎ ያውቃል?»

ፋኢዛ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ባሏን የቀበሩት ከትናንት በስቲያ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ለኖረው ለኡበይዳ፣ ሰው ሁሉ ሲፈራለት የኖረው መንገዱን ነበር፤ መንገዱ ግን አልነካውም። ሎጊያ ከተማ፣ የእናቱ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ምሳ አዝዞ፣ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ ልቡ ከዳው። ሃፍሳ ያዘዘውን ምግብ ራሷ ይዛለት እየወጣች ነበር።

«ብዙነህ!» ሲሉ ሴቶቹ ከደጁ የቆመውን ሾፌር ተጣሩ። «ምን ብላችሁ ነው የምትስቁት? ለእኛም አካፍሉን እንጂ።»

ብዙነህ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከበሩ ላይ አንገቱን አሰገገ። የኡበይዳ የመንገድ ጓደኛ ነው፤ ግዙፍ ሰው ሲሆን፣ ሐዘንተኛ ፊት ሲቆም ግን የሚያደርገው ይጠፋዋል።

«ይቅር ይበሉን፣ እትዬ ሃፍሳ። የጋላፊን ሴኔት አንሥተን ነው።»

«የምን?»

«ድንበር ላይ ወረፋው ሲረዝም፣ ኡበይዳ የሾፌሮች ሴኔት አቋቁሞልን ነበር። እሱ ፕሬዚዳንት፣ እኔ ሬጅስትራር። ወረፋ ጥሶ የገባውን ሾፌር ያስጠራና 'በአካዳሚክ ዲሲፕሊን ጉድለት ወደ ኋላ ተመልሰሃል፤ ቅሬታ ካለህ በሥራ ሰዓት አቅርብ' ይለዋል። ሰውዬው ሊደባደብ ወርዶ፣ ስቆ ይመለሳል።»

«ሴኔት ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ወርቅዬ።

«እኔ ምን አውቄ! የዩኒቨርሲቲ ትልቁ ጉባኤ ነው ይለን ነበር፤ ከባለቤቱ ነው የተማረው።»

የክፍሉ ዓይን ሁሉ ወደ ፋኢዛ ዞረ። እሷም ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ፈገግ ሊል ሲል ተሰማትና፣ ደንግጣ በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው።

ፋኢዛ በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሬጅስትራር ቢሮ ትሠራለች። በከፍተኛ ትምህርት አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ልትጀምር መሆኑን የነገረችው ዕለት፣ ኡበይዳ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ ብሎን ያጠብቅ ነበር።

«ዩኒቨርሲቲ የማስተዳደር ትምህርት አለ እንዴ?» አላት ከዚያው ከሥሩ። «እኔ ሰው ተሹሞ ዝም ብሎ የሚገባበት ነበር የሚመስለኝ።»

«እንደሱ እየተደረገ አይደል የተቸገርነው?» አለች ቆጣ ብላ። ስለዚህ ጉዳይ ስትናገር ቀልድ አታውቅም። «መምህሩ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ሕንፃውም ያማረ ሊሆን ይችላል። ግን አንዲት ልጅ ከገጠር ተነሥታ ስትመጣ ማን ይቀበላታል? ስትታመም ማንን ትጠይቃለች? ዩኒቨርሲቲ ማለት ይህም ጭምር ነው።»

ኡበይዳ ከመኪናው ሥር ተንፏቅቆ ወጣ። ግንባሩ ላይ ግራሶ ተለድፎበት ነበር። ለአፍታ አያትና፣ «ቁጭ ብለሽ ንገሪኝ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ሴኔት ሆነ። ከመንገድ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ ስብሰባውን ከፍቻለሁ» ይላል። አጀንዳው ማን ውኃ እንደሚቀዳ ወይም ለእራት ሩዝ ይሁን ፓስታ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን በድምፅ እንዲወሰን ጠይቆ፣ እሷ ፓስታ ብላ እጇን ስታወጣ፣ እሱ ለሩዙ ሁለቱንም እጆቹን ሰቀለ።

«ይህ የድምፅ ማጭበርበር ነው!»

«በቃለ ጉባኤው ይመዝገብልሽ» ብሎ ሩዙን ራሱ ሊቀቅል ገባ። አሳረረው። ሁለቱም እየሳቁ በሉት።

ከመመረቂያ ጽሑፏ የጻፈችውን ምዕራፍ በድምፅ ትቀዳለትና መንገድ ላይ ይሰማው ነበር። አንዳንዱን አይረዳውም፤ «ይሄ ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ ያልሽው ሚሌ ላይ እንቅልፍ አምጥቶብኝ ሊገለብጠኝ ነበር» ብሎ ይደውላል። ቢሆንም አንዱንም ሳይሰማ አላለፈም።

ብዙነህ የሴኔቱን ወሬ ባነሣ ማግስት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ የሥራ ባልደረባዋ አስረሳሽ ሻይ የተሞላ ትልቅ ፔርሙስ ይዛ መጣች። ፋኢዛን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ፣ ሃፍሳ እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበቷን ሳመች። አስረሳሽ በደጋ አገር ተወልዳ፣ ለሥራ መጥታ ሰመራ ላይ የቀረች ክርስቲያን ናት። ዓይኖቿ ቢያብጡም፣ አንድ የምሥራች እንደያዘች ከአቀማመጧ ያስታውቅ ነበር።

«አንቺ ምንም እንዳታስቢ፣ ፋኢዝዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የመመረቂያ ጽሑፍሽን የምታቀርቢበትን ቀን ትምህርት ክፍሉ ድረስ ሄጄ አስለውጬልሻለሁ። ከሴሚስተሩ መጨረሻ አያልፍም ብለው ተከራከሩኝ፤ እኔም ተከራከርኩ። አርባው ካለፈ በኋላ ሆኗል።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የማን አርባ?» አለች ወርቅዬ።

«የ... የኡበይዳ ነዋ። አርባው ከወጣ ሐዘን አይበርድም እንዴ?»

ሃፍሳ መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ቀጥሎ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሴቶቹ ልታለቅስ ነው ብለው ሲጠጉ፣ ሳቋ አመለጣት። «አርባስ የእናንተ ነው፣ የኔ ልጅ! የእኛ ባል የሞተባት ዒዳ የምትቀመጠው አራት ወር ከአሥር ቀን ነው።»

አስረሳሽ ፊቷ ቀላ። «አራት ወር? እና ከቤት አትወጣም? ወይኔ! ወይኔ ፋኢዝዬ! አጠፋሁ እኮ!»

«አላጠፋሽም» አለች ፋኢዛ እጇን ይዛ። «ደግ ነው ያሰብሽልኝ።»

ግን ነገሩ ለሁለቱም ገብቷቸዋል። ፋኢዛ ቀደም ሲል አንድ ዓመት አቋርጣ ስለነበር፣ የተፈቀደላት የትምህርት ጊዜ በዚሁ ሴሚስተር ያበቃል። ከዚያ ያለፈ ተማሪ እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ ደንቡን በየመስኮቱ ለተማሪዎች ስታስረዳ የኖረችው ራሷ ናት። አስረሳሽ ካስያዘችላት ቀን ሌላ ቀን የለም፤ ያ ቀን ደግሞ በዒዳዋ መካከል ይውላል።

«ይቅር፤ አልሄድም» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «ትምህርት ይደርሳል።»

«ተባረኪ!» አለች ወርቅዬ። «የሰው ልጅ ማለት እንዲህ ነው።» ከዚያም ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ ፋኢዛ የማትሰማ መስሏት አንሾካሾከች፦ «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ለዲግሪ ብትሮጥ ኖሮ ቤቴ አዋሽ ምን ብዬ እገባ ነበር? ያጋባኋቸው እኔ!»

ፋኢዛ ለመናገር ያልፈለገችው ሌላ ነገር ነበር። መሄድ ትፈልጋለች፤ መፈለጓ አሳፍሯታል። ከባሏ ጋር ያልተወያየችበት አንድም ገጽ የለም። ያንን ሁሉ አቃጥላ እንደ አዲስ መጀመር እሱን ደግሞ መቅበር መሰላት። ሰው ፊት ቆማ መናገሩ ደግሞ እሱን እንደ መርሳት መሰላት። የትኛው ክዳት እንደሆነ ልትለይ አልቻለችም።

እንግዶቹ ሳሳ ሲሉ ሃፍሳ ከጎኗ መጥታ ተቀመጠች። መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ በካርቶን ክዳን ሁለቱንም ታራግብ ጀመር።

«እኔ እኮ እስከ ዛሬ አልገባኝም» አለች። «ያ ልጅ ምግብ ቤቴ በመጣ ቁጥር ስለ ጽሑፍሽ ያወራልኝ ነበር። 'እሺ' እያልኩ ወጥ ወጤን አማስላለሁ። አሁን ቁጭ ብያለሁ። ንገሪኝ።»

ፋኢዛ ነገረቻት። ጥናቷ ቤተሰብ ሞቶባቸው ወደ አገራቸው ሄደው በዚያው ስለሚቀሩ ሴት ተማሪዎች ነው። ከነሱ አንዷን ጭፍራ ድረስ ሄዳ አነጋግራታለች፤ እናቷን ቀብራ የቀረች፣ ሒሳብ የምትወድ ልጅ።

«ለምን አልተመለስሽም ብዬ ጠየቅኋት። የገንዘብ ችግር፣ የወንድሞቿ እንቢታ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። 'ልመለስ ነበር' አለችኝ፤ 'ግን የሚጠብቀኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም'።»

ካርቶኑ ቆመ።

«እኔ የምለው ይኸው ነው፣ እማ። ዩኒቨርሲቲ ሐዘን ለደረሰባት ልጅ ደውሎ 'እየጠበቅንሽ ነው' የሚል ሰው ይኑረው። ስትመለስ በየቢሮው አትንከራተት። ይህንን ለማለት ነው ያን ሁሉ ገጽ የጻፍኩት። ኡበይዳ 'ይህ በአንድ ስልክ ያልቅ አልነበረም እንዴ?' እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

ሃፍሳ የካርቶኑን ክዳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ታዲያ» አለች በመጨረሻ፣ «እነዚያን ልጆች ተመለሱ የምትያቸው አንቺ ቀርተሽ ነው?»

«ሰው ምን ይለናል ብዬ...»

«እኔን ያስፈራኝ ሰው አይደለም!» የሃፍሳ ድምፅ ተሰበረ። «ከዚህ በር ከወጣሽ በዚያው የምትሄጂ ይመስለኛል። ተምረሽ፣ ትልቅ ሰው ሆነሽ፣ አዲስ አበባ ሄደሽ... የልጄን ወሬ የማወራው ከማን ጋር ነው?»

ፋኢዛ ግንባሯን አማቷ ትከሻ ላይ ጣለች። «የት እሄዳለሁ፣ እማ? እኔስ ከማን ጋር አወራለሁ?»

በማግስቱ ማለዳ ሃፍሳ ለዱዓ የመጡትን ሼህ መሀመድአሚንን ራሷ አስጠርታ ጠየቀች። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው፣ ከደጅ ሆነው መለሱላት።

«ዒዳ እስር ቤት አይደለም፣ ሃፍሳ። ለሚያስፈልጋት ጉዳይ በቀን ትወጣለች፤ ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ተመልሳ ቤቷ ታድራለች። ኩል፣ ሽቶ፣ ጌጥ አይኑር።» ከዚያም የማወቅ ፍላጎታቸው አሸነፋቸው። «ትምህርቷ ምንድን ነው?»

«ዩኒቨርሲቲ ማስተዳደር» አለች ሃፍሳ ደረቷን ነፋ አድርጋ።

«ማሻአላህ። ሲያልቅላት ወደ መስጂዱ ኮሚቴ ላኪልን፤ እኛም ስብሰባ ጀምረን መጨረስ አቅቶናል።»

ወርቅዬ ግን አልተዋጠላትም። «የአዋሽ ሰው ምን ይላል?»

«የአዋሽ ሰው የድሮው ባቡር ከቆመ ወዲህ ከወሬ ሌላ ምን ሥራ አለው?» አለች ሃፍሳ። «ብቻዋን ትሄዳለች ያለው ማን ነው? አብሬያት የምሄደው እኔ ነኝ።»

ጽሑፉ በሚቀርብበት ቀን ጠዋት፣ አማትና ምራት አጊጠው ሳይሆን ሰፊ ጥቁር ለብሰው በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዱ። ፋኢዛ ከቤቷ ከወጣች ሳምንታት ስላለፉ፣ የሰመራ አስፋልት፣ ነፋስ የሚነዳው አሸዋና ወደ ጅቡቲ የሚጓዙት መኪናዎች እንግዳ ሆኑባት። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለቱም ወደ ሾፌሩ ወንበር ይመለከቱ ነበር። አንዳቸውም ስለዚህ አልተነጋገሩም።

አዳራሹ ትንሽ ነበር። አስረሳሽ ሃፍሳን ከፊት ወንበር አስቀመጠቻት። ገለጻው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሃፍሳ አንዱም አልገባትም፤ ሆኖም «ጭፍራ» የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር ፈታኞቹን እያየች፣ እውነት ነው እንደሚል ምስክር ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ፋኢዛ ስለ ሐዘን ፈቃድ የሚናገረው ክፍል ላይ ስትደርስ፣ ማንበቧን አቆመች። ማንም አላጣደፋትም። ትንፋሿን ሰብስባ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ሳታነብ ቀጠለች።

ከሩቅ የመጣው ፈታኝ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ጠየቃት፦ «ለአንዲት ተማሪ ደውሎ 'እየጠበቅንሽ ነው' ማለት የአስተዳደር ሥራ ነው ወይስ የዘመድ?»

«ዘመድ በሌለበት ቦታ የአስተዳደር ሥራ ይሆናል» አለች ፋኢዛ። «እኔ በቤቴ ሐዘን መካከል የሥራ ባልደረባዬ ቀን አስይዛልኝ እዚህ ደርሻለሁ። ያንን ዕድል ለባልደረባ ደግነት ብቻ መተው አይገባም ነው የምለው።»

አስረሳሽ ከኋላ አንገቷን ደፋች።

ፈታኞቹ ለምክክር ሁሉንም አስወጡና፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መልሰው ጠሯቸው። ሰብሳቢው ቆሞ ውጤቱን በእንግሊዝኛ አነበበ፦ «እጅግ በጣም ጥሩ»። የአዳራሹ እጆች ለጭብጨባ ተነሡና፣ ፋኢዛ ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ ብሏቸው አየር ላይ ቀሩ። አንዳንዶቹ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጭናቸው መለሱ።

ሃፍሳ ቃሉ ባይገባትም ከፊቶቹ አነበበችው። ከወንበሯ ብድግ አለች። እልልታው ከጉሮሮዋ ተነሥቶ ከአፏ ሊወጣ ሲል፣ ምን እያደረገች እንደሆነ ገብቷት፣ መዳፏን በከንፈሯ ላይ ጫነች። እንደዚያው ቆመች፤ ዓይኖቿ ከመዳፏ በላይ እንባ ሞልተዋል።

ፋኢዛ ከመድረኩ ወረደች። ወደ አማቷ ቀርባ፣ አፏን የዘጋውን እጅ ያዘችና፣ ጣቶቿን እያላቀቀች ቀስ ብላ አወረደችላት።