ጋሼ ወደ ነበረበት ሲመለስ

«ወደ ነበረበት እንመልሰዋለን» ነው ያሉን። እኔም እናቴም በዚህች ቃል ነው እሺ ያልነው። በኋላ «አልገባችሁም ነበር» ተባልን። እንዴት አይገባንም? አፍ በፈታንበት ቋንቋ እኮ ነው የተናገሩት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ወታደሮቹ አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ጥለው ሄዱ። ሞተሮቹን ፈትተው ወስደዋል፣ ጎማው ተንፍሷል፣ ሌላው እንዳለ ነው። አባቴና እናቴ ያኔ ቤታቸው በቦምብ ፈርሶ የሰው በረንዳ ላይ ነበር የሚያድሩት። አባቴ አውሮፕላኑን አይቶ መጣና «ቤታችንን ያፈረሰው ይሄ ይሁን ወንድሙ አላውቅም። ብቻ አንዳቸው ይካሱን» ብሎ እናቴን ይዟት ገባ።

ስሙን ጋሼ አልነው። ከልጆቹ ሁሉ ቀድሞ የተገኘ እሱ ነዋ! «ዝናብ መጣ፣ ጋሼ ውስጥ ግቡ!» እያለች ትጣራ ነበር እናቴ። ሰፈሩ እስኪለምደው ድረስ ሆዱን ይዞ ሳቀብን።

ጋሼ በር አልነበረውም። አብራሪዎቹ የሚገቡት ከሥሩ ባለች ቀዳዳ፣ በመሰላል ነው። እናቴ ደግሞ እኔን አርግዛ ወሯ ገብቷል፤ መሰላል የምትወጣበት አቅም የላትም። አባቴ ጎኑን ቀዶ በር ሊያወጣለት ተነሳ። ግን አናጺ አይደለም፣ ጫማ ሰፊ ነው። ጫማ ሰፊ ደግሞ የደንበኛውን እግር ወረቀት ላይ አስቁሞ ዙሪያውን ሳያሰምር አይቆርጥም። እናቴን በጎኗ አውሮፕላኑ ላይ አስጠግቶ አቆማት፣ ዙሪያዋን በከሰል አሰመረ፣ ትንሽ መተንፈሻ ጨመረና በብረት መጋዝ መስመሩን ተከትሎ ቆረጠ። ስለዚህ በራችን ወገቡ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ያበጠ ነበር። «እርጉዙ በር» አሉት። ያ እብጠት እኔ ነኝ።

እህቶቼም፣ የመጨረሻው ወንድሜም እዚያው ተወለዱ። ቦምብ የሚሰቀልባቸው መንጠቆዎች ላይ እናቴ አንሶላ አስራ ታወዛውዘን ነበር። አፍንጫው ላይ ባለው መስታወት ውስጥ የቲማቲም ችግኝ ታፈላለች። አባቴ የአብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሶል ይለጥፋል፤ ስንረብሸው «ዝም ካላላችሁ አስነሳዋለሁ!» ይለናል። እኛም እውነት መስሎን ጸጥ እንላለን።

አባቴ ሞተ፣ እኛም አድገን ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተን ወጣን። የሙዚየም ሰዎች ጋሼን ወስደው ሊያድሱት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አለቃቸውን እኛ ቤት «መነጽሩ» ነው የምንለው፤ ግንባሩ ላይ ሰቅሎት መልሶ ይፈልገዋል። ወንድሜንም ሾፌር አድርጎ የቀጠረው እሱ ነው።

«እማማ፣ ወደ ነበረበት እንመልሰዋለን» አላት መነጽሩ።

እናቴ ፊቷ በራ። «የበሩ ማጠፊያ ይጮሃል፣ እሱን እዩልኝ። መጋረጃውን ግን እኔ ነኝ የምሰፋው፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጡብኝ።»

መነጽሩ ሳቀ። አጠገቡ የቆመው ወንድሜም ሳቀ። እኔ ሞኟ የደስታ ሳቅ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ።

ሥራው ሲያልቅ፣ ከምረቃው በፊት ባለው ቀን እንድናየው ጠሩን። እናቴ መጋረጃውን ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ በፌስታል ይዛ መጣች። ጋሼ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ቆሟል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ጎማው አዲስ ነው። እናቴ ጎኑን በመዳፏ እየዳበሰች እስከ ጭራው ሄደች፤ እየዳበሰች ተመለሰች።

«በሩ የት ሄደ?»

«ጎኑ ላይ የነበረውን ጉዳት ነው እማማ? ጠገንነው እኮ! አይታወቅም አይደል?» አለ መነጽሩ፣ ደረቱን ነፍቶ።

አይታወቅም። የእጃቸውን ሥራ አልነቅፍም፤ ጠባሳ እንኳ የለውም። ደሜን ያፈላውም እሱ ነው።

«ጉዳት? ማን ተጎዳ?» አልኩት።

«አየሽ እህቴ፣ ሲሠራ እዚህ ጋ በር አልነበረውም። ወደ ነበረበት ስንል…»

«ወደ የትኛው ነበር? ቦምብ የጣለው ጦርነቱ እስኪያልቅ ነው። እኛን ያሳደገው ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን ሁሉ ነው። የቱ ነው ነበር?»

«ሰው ያደረበት ሁሉ ታሪክ አይሆንም።»

ጎንበስ ብዬ ሆዱን አየሁ። መንጠቆዎቹ ላይ ቦምብ ሰቅለዋል፤ ከእንጨት የተሠራ፣ ቀለም የተቀባ። እህቶቼ ጡት ጠብተው በሚተኙበት ቦታ! መስኮቱ ሥር ደግሞ ትናንሽ ቦምቦች ተደርድረው ተስለዋል።

«ይሄስ?»

«ስንት ጊዜ እንደደበደበ የሚያሳይ ምልክት ነው።»

«እኛስ? የተወለድነውን ያህል ጡጦ ሣልልና!»

እዚያው ይሠሩ የነበሩት ቀለም ቀቢዎች በሳቅ ፈነዱ። መነጽሩ አልሳቀም። ወንድሜ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«በናትሽ አታዋርጂኝ። ነገ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ።»

«በሩን እንደሚደፍኑት ታውቅ ነበር?»

የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ማሽከርከር ጀመረ።

«እማዬ ዓይኗ እያለቀሰ ያንን መጋረጃ ስትሰፋ እያየህ?»

«ብነግራት እሺ አትልም ነበራ!» አለ። ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው።

እዚያ ማዶ እናቴን «በመሰላሉ ይግቡ፣ እንደግፍዎታለን» ይሏታል። «በገዛ ቤቴ ከሥር ገብቼ አላውቅም» አለቻቸው። ፌስታሏን እንደያዘች ቆመች።

እኔ ግን መሰላሉን ወጣሁና በሩ ከነበረበት ጎን ጀርባዬን አስደግፌ፣ ከቦምቦቹ ሥር ቁጭ አልኩ።

«ውረጂ!» አለ መነጽሩ ከታች።

«በሩን ክፈቱና እወጣለሁ።»

«ጥበቃ እጠራለሁ!»

«ጥራ። ግን መቀመጫ የለንም በላቸው፤ አንተ ነህ ዕቃችንን ያወጣኸው።»

ጥበቃዎቹ መጡ። ቀዳዳዋ ስለጠበበቻቸው እግሬን ይዘው ወደ ታች ጎተቱኝ። እኔ መንጠቆውን አልለቅም። ጫማዬ ወለቀ፣ ቀሚሴ ተገለበ። አንዱን በእርግጫ ልመታው ብዬ ቁልቁል ሳይ፣ ቀኝ እግሬን የያዘው ወንድሜ ነው።

«ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው እኮ!» እያለ ይጎትታል።

እናቴ ይሄንን ልጅ ሲያስቆጣት «አንተ»፣ ስታቆላምጠው ደግሞ ጢም ካወጣም በኋላ «አንቺ» ነው የምትለው። ቀስ ብላ ቀረበችው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ የልጄን እግር ይልቀቁልኝ» አለችው።

እጁ ከእግሬ ላይ ወደቀ። «እማዬ… እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቅዎታለሁ» አለችው።

ራሴ ወረድኩ፤ እዚያ ላይ ከዚህ በኋላ የምጠብቀው አልነበረኝም። ጫማዬን አድርጌ እናቴን ደግፌ ወጣን። በማግስቱ መረቁት፣ አጨበጨቡለት።

ወንድሜ አሁንም በሳምንት አንዴ ይመጣል። እናቴ በዚያ ጉልበቷ ከመቀመጫዋ ብድግ ትልለታለች። «እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ» ትለዋለች፣ ለእንግዳ የሚቀርበውን ሁሉ ታቀርብለታለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቀምስና ሲወጣ በር ላይ ይዞኝ «አስታርቂን፣ ‹አንተ› ትበለኝ ብቻ፣ ትስደበኝ» ይለኛል።

አላስታርቅም።