የጉርጉሱም ሰዎች ዝርዝር

፩

የጀልባዋ ስም፦ ጉርጉሱም
ርዝመት፦ ዘጠኝ ሜትር ከሃያ
የመጣችበት፦ ከማዶ ደሴት
የምትሄድበት፦ ወደሚቀጥለው
በላይዋ ያሉ ሰዎች፦ ሁለት
   1. ወንድይራድ ካሳ — ካፒቴን
   2. አስካለ ተሰማ — ተሳፋሪ

ይህን ቅጽ ስድስት ዓመት ሙሉ በየወደቡ ሞልቻለሁ። ሁልጊዜ በእኔ እጅ። ሁልጊዜ እንደዚሁ።

፪

ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። የማውቀው የመርከብ መዝገብ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ንፋስ፣ የሆነው ነገር። ስለዚህ በቁጥር እጽፋለሁ። በቁጥሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ባሕር ነው። ዝም ብለህ ተሻገረው።

የምንጃር ልጅ ነኝ። ባሕር ያየሁት በሃያ ዓመቴ፣ ምጽዋ፣ የባሕር ኃይል ምልምል ሆኜ ነው። ጉርጉሱም ከምጽዋ ወጣ ብሎ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። ዋና የተማርኩት እዚያ ነው። በሰማንያ ሦስት መርከባችን ወደ የመን ስትወጣ አብሬ ወጣሁ። ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት በጭነት መርከብ። ከዚያ ግሪክ። ጡረታ። አንድ አሮጌ የሸራ ጀልባ።

አስካለ ባለቤቴ ናት። አቴንስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ስታስታምም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ግሪክኛ እንደ አገሬው ታነባለች፣ ትጽፋለች። የእኔ የወደብ ግሪክኛ ነው፤ ገመድ፣ ንፋስ፣ ዳቦ፣ አመሰግናለሁ።

ቤታችን ጀልባዋ ናት። ሌላ ቤት የለንም። አንፈልግምም።

፫
ደንብ

ወደ ሰው አገር ወደብ ስትገባ፦

ጀልባዋ የተመዘገበችበት አገር ባንዲራ ከኋላ ይሰቀላል። የነሱ ባንዲራ በቀኝ በኩል፣ ምሰሶው ላይ። የተቀደደ አትስቀል፤ ይቀየማሉ።

በመልሕቅ ስትቆም ቀን ቀን ከፊት ጥቁር ኳስ ታንጠለጥላለህ። የእኛ ጥቁር ቀለም የቀባሁት የልጆች ኳስ ነው። እስካሁን የተቃወመ የለም።

የመጸዳጃ ውሃ ወደብ ውስጥ አትለቅም።

ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰዉ ይተኛል። ሞተር አታስነሳ።

ወረቀትህን ይዘህ ወደ ወደቡ ቢሮ ትሄዳለህ። ቁምጣ ለብሰህ አትሂድ። ይህ የትም አልተጻፈም። ግን አይቻለሁ፤ ሱሪ የለበሰ ሰው ቶሎ ይስተናገዳል።

የኛዋ ሰንደቅ ዓላማ ውስጥ ናት፣ ከምድጃው በላይ። ስለሷ ደንብ የለም።

፬
ደንብ

በዚህ ባሕር ጀልባ ግንብ አጠገብ በጎኗ አትቆምም። ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቆመው። ከግንቡ ራቅ ብለህ መልሕቅ ትጥላለህ። በኋላ ማርሽ ወደ ግንቡ ትሄዳለህ። ስትደርስ ከኋላ ሁለት ገመድ ታስራለህ። በግራም በቀኝም ጀልባ አለ። መግቢያው ከጀልባህ የሚሰፋው በሁለት ክንድ ብቻ ነው።

አንድ ሰው መሪው ላይ ይቆማል። አንድ ሰው ፊት፣ የመልሕቁ ሰንሰለት ላይ። መሪው ላይ ያለው ያዝዛል። ሰንሰለቱ ላይ ያለው ይለቅቃል።

ንፋስ ከጎን ከመጣ የጀልባዋ ፊት ይሸሻል። የመሪው ሰው ችሎታ የሚለየው ያኔ ነው።

(ይህን ቁጥር የጻፍኩት ባለፈው ዓመት ነው። አሁን የማላምንበት ዓረፍተ ነገር አለበት። አልሰረዝኩትም።)

፭

ማክሰኞ። አራት ሰዓት። ቫቲሊማኒ ወደብ።* ንፋስ ከሰሜን፣ መካከለኛ።

አስካለን ወገቧን ይዟት ነበር።

"ተኚ፤ ብቻዬን አስገባታለሁ" አልኳት።

"ሰንሰለቱንስ ማን ይልቀቅ?"

"አዝራር አለው።"

እውነት ነው፤ መሪው አጠገብ አዝራር አለ። ስትጫነው ሰንሰለቱ በሞተር ይወርዳል። ተጠቅሜበት አላውቅም ነበር።

መልሕቅ ጣልኩ። አዝራሩን ተጫንኩ። ሰንሰለቱ ወረደ። በኋላ ማርሽ ሄድኩ። ፊቷ ሸሸ። መሪውን አዞርኩ። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ሁልጊዜ ይመለስ ነበር።

ግንቡ።

ሰው አልተጎዳም። ከኋላዋ አንድ ክንድ የሚያህል እንጨት ተሰነጠቀ። የወደቡ መኮንን ግንቡ ላይ ቆሞ ከሲኒው እየተጎነጨ ሁሉንም አየ።

* የወደቡን እውነተኛ ስም አልጻፍኩም። መኮንኑ ደህና ሰው ነው።

፮
በወደቡ ቢሮ የተባለው (ያመለጠኝን ግሪክኛ አስካለ በኋላ ነግራኛለች)

መኮንኑ፦ ባርባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?
እኔ፦ ወረቀቱ ላይ አለ።
መኮንኑ፦ ሰባ አራት ይላል።
እኔ፦ እንግዲያው እሱ ነው።
መኮንኑ፦ ዓይንዎስ?
እኔ፦ አንተን አይሃለሁ።
መኮንኑ፦ ግንቡንስ አይተውት ነበር?

(አስካለ ወገቧን ይዛ ሳቀች።)

መኮንኑ፦ እዚህ ላይ አንድ ካፒቴንና አንድ ተሳፋሪ አለ። ካፒቴኑ ቢወድቁ ተሳፋሪዋ ምን ያደርጋሉ?
እኔ፦ አልወድቅም።
መኮንኑ፦ ዛሬ ያየሁትን አይቻለሁ፣ ባርባ። መንዳት የሚችል ሁለተኛ ሰው እዚህ ካልተጻፈ ከዚህ ወደብ አላስወጣችሁም። ጀልባዋ በክሬን ወጥታ የብስ ላይ ትቀመጣለች። ልጅ የላችሁም?
አስካለ፦ አንዲት አለችን። ስዊድን። ክፍል አዘጋጅታ ኑ ካለችን ሦስት ዓመቷ።
መኮንኑ፦ ይኸውልዎት!
አስካለ፦ መስኮቱ የሚያሳየው የመኪና ማቆሚያ ነው።
መኮንኑ፦ እርስዎ መንዳት ይችላሉ?
አስካለ፦ እሱን ጠይቀው። ቅጹን የሚሞላው እሱ ነው።

(በግሪክኛ ነው ያለችው። እኔም እንድሰማው ቀስ ብላ።)

መኮንኑ፦ እንግዲህ ነገ አምስት ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። እርስዎ መሪው ላይ። ባርባ ሰንሰለቱ ላይ። ባርባ የታዘዙትን ብቻ ይሠራሉ። አንድ ቃል ከተነፈሱ ፈተናው አበቃ፣ ክሬን እጠራለሁ።

 * «ባርባ» በዚህ ዳርቻ ሽማግሌን የሚጠሩበት ነው። ጋሼ እንደማለት።

፯

ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጥን። ስድስት ዓመት የኖርንበት ቤት ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ ነው። ሁሉንም አየሁት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ምኑን?"

"ተሳፋሪ ተብለሽ መጻፍሽን።"

"ከመጀመሪያው ወደብ። ማንበብ እችላለሁ እኮ።"

"ቅጹ የምስክር ወረቀት ቁጥር ይጠይቃል። አንቺ ቁጥር የለሽም።"

"ቁጥር አላልኩህም። አንድ ቀን እንኳ፣ አስኩ፣ ምን ብዬ ልጻፍሽ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

አላውቅም።

"ተሳፋሪ ቲኬት ቆርጦ ይቀመጣል" አለች። "ምግብ ይቀርብለታል። እስቲ በስድስት ዓመት አንድ ቀን ሽሮ የቀረበልኝ መቼ ነው?"

"ዛሬ እኔ እሠራለሁ።"

"ወገቤ የታመመው አንሶ ሆዴም ሊታመም!"

ሠራሁ። ትንሽ ያዘብኝ። ሁለት ጊዜ ጨመረች።

፰

(ይህ ቁጥር ከቀትር በኋላ ነው። እሷ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ወገቧ ላይ አድርጋ መስኮቱ ሥር ተኛች። እኔ ስንጥቁን በሙጫ ያዝኩት። ውሃው ከታች ይንቀጠቀጣል፤ ጣራው ላይ የብርሃን ጥላ ይሮጣል። ክፉ ቀን አልነበረም። የመጨረሻው ሊሆን ይችላል ብዬ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ተመለከትኩ።)

፱

ምሽት ላይ አሥራ አንድ ነጥብ ያለው መመሪያ ጻፍኩላት። መሪው መቼ ይዞራል፣ ማርሹ መቼ ይገባል፣ በንፋስ ምን ይደረጋል። ነጠላ ወረቀት፣ በሁለት ገጽ።

ቆማ አነበበችው። እስከ መጨረሻው። ከዚያ አራት ቦታ አጥፋ የሚንኳኳው የቁምሳጥን በር ሥር ወተፈችው።

በሩ መንኳኳቱን አቆመ።

"ጥሩ ወረቀት ነው" አለች።

፲

ረቡዕ። አምስት ሰዓት። ንፋስ ከሰሜን፣ ከትናንቱ የበረታ።

አስካለ ወገቧን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራ መሪው ላይ ቆመች። እኔ ፊት፣ ሰንሰለቱ ላይ ተንበረከክሁ። ሰንሰለቱን የሚለቅና የሚይዝ የፍሬን ብረት አለ። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያ ስንበረከክ የመጀመሪያዬ ነው። ብረቱ በአንድ በኩል አብረቅርቋል፤ ጫማ የበላው ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። መናገር ክልክል ነበር።

መውጣቱ ቀላል ነበር። መውጣት ሁልጊዜ ቀላል ነው።

ተመለስን። መኮንኑ ሲኒውን ይዞ ግንቡ ላይ ነበር። አጠገቡ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ሊያዩ ተቀምጠዋል።

"ጣል!" አለች።

መልሕቁን ጣልኩ።

በኋላ ማርሽ መሄድ ጀመረች። ሰንሰለቱን ለቀቅሁ፤ እንደ ደንቡ፣ ሳላቋርጥ።

ፊቷ ሸሸ። ልክ እንደ ትናንቱ። የጎረቤት ጀልባው ጀርመናዊ ቡናውን ትቶ ጀልባውን በእግሩ ሊከላከል ተነሳ።

አፌ ተከፈተ። መልሼ ዘጋሁት።

"ያዝ!" አለች።

አልገባኝም። እኔ ሁልጊዜ "ልቀቂ" ብያለሁ እንጂ "ያዢ" ብዬ አላውቅም።

"ያዝ እኮ ነው የምልህ፣ ወንድዬ! ብረቱን ርገጠው! ያብረቀረቀውን!"

ረገጥኩት።

ሰንሰለቱ ተወጠረ። የጀልባዋ ፊት ስሙን እንደተጠራ ሰው ዞር አለ። ወደ ንፋሱ። ቀጥ አለ።

"አሁን ልቀቅ። ቀስ ብለህ።"

ለቀቅሁ።

"ያዝ።"

ያዝኩ።

"ልቀቅ።"

ልቀቅ።

      ያዝ።

            ልቀቅ።

ጀልባዋ በሁለቱ ጀልባዎች መካከል ገባች። ማንንም አልነካችም። ከግንቡ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። አስካለ ገመዱን ወረወረች። መኮንኑ ሲኒውን መሬት አስቀምጦ ራሱ ተቀበላት።

ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ አንድ ነገር ተናገረ። አስካለ ሳቀች።

"ምን አለ?" አልኩ። ፈተናው አልቋል፤ መናገር ይቻላል።

"ሽማግሌው ቢሠለጥን ጥሩ ሰንሰለት ያዥ ይወጣዋል አለ።"

፲፩

ከዚያ ቶሎ አልተነሳሁም።

በስድስት ዓመት ከመቶ ሠላሳ ጊዜ በላይ እንዲህ ገብተናል። ፊቷ ሲሸሽ መሪውን አዞር ነበር፤ ትመለስ ነበር። መሪው መስሎኝ ነበር። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብረቱን እየረገጠች ነበር። "ልቀቂ" ስል ትይዝ ነበር።

ማክሰኞ መሪው ነበረ። እኔም ነበርኩ። ያልነበረችው እሷ ናት።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ቁጥር አራት ተመለስና የማላምንበትን ዓረፍተ ነገር ፈልገው።

"ማን አሳየሽ?" አልኳት።

"ማንም። ሁለተኛው ወደባችን ላይ ልንላተም ስንል ደንግጬ ረገጥኩት። ቀና አለች።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

ገመዱን ጠቅልላ ጨረሰች።

"ደስ ብሎህ ነበር" አለች። "'አየሽ እንዴት አድርጌ እንዳስገባኋት?' አልከኝ። አየሁ አልኩህ።"

፲፪

ቢሮ። ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። ሊዘጉ ነው።

መኮንኑ አዲስ ቅጽ አወጣ። ብዕሩን ለእኔ አላቀረበም።

አስካለ ጻፈች። ፊደሏ ያምራል። የጀልባዋ ስም። ርዝመት። የመጣችበት። በመጀመሪያው መስመር የራሷን ስምና ማዕረግ ጻፈች። መኮንኑ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ የእኔን ስም ጻፈች። ቆመች።

"ተሳፋሪ?" አለ መኮንኑ። ይስቃል።

እሷ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞረች። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ።

"ምን ብዬ ልጻፍህ?"

ካፒቴን ሆኜ ያልጠየቅሁትን ጠየቀችኝ። መልስ ፈለግሁ። የወደብ ግሪክኛዬም የምንጃር አማርኛዬም አልደረሱልኝም።

ሰዓቱ ደወለ። መኮንኑ መስኮቱን እየዘጋ "ግድ የለም፤ ሞልታችሁ ጠዋት አምጡት፣ ትሄዳላችሁ" አለ።

፲፫

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሰዉ ከእንቅልፉ ተነስቷል። ንፋሱ ወድቋል። ሽሮ ጥጃለሁ፤ ዛሬ አልያዘብኝም። አስካለ ወገቧ ተሽሏት ውጭ ተቀምጣለች፤ ለጀርመናዊው ብረቱ እንዴት እንደሚረገጥ በእጇ እያሳየችው ነው።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ብዕሩም።

የጀልባዋ ስም፦ ጉርጉሱም
ርዝመት፦ ዘጠኝ ሜትር ከሃያ
የመጣችበት፦ ቫቲሊማኒ
የምትሄድበት፦ ወደሚቀጥለው
በላይዋ ያሉ ሰዎች፦ ሁለት
   1. አስካለ ተሰማ — ካፒቴን
   2. ወንድይራድ ካሳ —