ፍላሹ እስኪቀዘቅዝ

ቦንቱ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች፤ ፍላሹ አልበራም። ደግማ ተጫነች። ወይ ፍንክች! ሙሽራዋ ውዳድ ፈገግታዋን ይዛ ትጠብቃለች፤ ፈገግታው ግን ከላቡ ጋር መፍሰስ ጀምሯል።

“ምነው?” አለች ውዳድ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

“ምንም። ትንሽ ሞቆት ነው።”

“እኛስ አልሞቀንም እንዴ!” አለች ጀዋሪያ የምትባል ወፍራም ጎረቤት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

እውነቷን ነው። የጅቡቲ ሰኔ ለማንም አያዝን። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር መብራት ከሄደ ቆይቷል፤ ኤሲው ዝም ብሏል፤ የሙሽራዋ አባት የነጋዴው የከማሉዲን ሳሎን በሴት ታጭቋል። ወንዶቹ ሌላ ቤት ናቸው፤ እዚህ ወንድ ዝር አይልም። ቦንቱ እዚህ የተገኘችውም በዚሁ ምክንያት ነው። የካርቲየ 3ቱ ፎቶ ቤት ባለቤት ዘከሪያ፣ የሴቶቹን ወገን የምታነሳለት ሚስቱ ነበረች፤ እሷ ልትወልድ ድሬዳዋ ሄደችበት። ቦንቱ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍቷ ቀን፣ እሱ ጋ እየሄደች ካሜራ ስትማር ከርማለች።

“ዛሬ ይለይልሻል” ብሏታል ጠዋት። “የሙሽራዋ እናት ዓዚዛ ደውላ ‘ጥሩ ናት’ ካለችኝ ሥራው ያንቺ ነው። ካላለችኝ ያው የእህቴ ልጅ አለች።”

አሠሪዋ ፈረንሳዊቷ ማዳምም የበኩሏን ብላለች፤ “ነገ ማታ መልስሽን ልስማ። ወይ እኔ ቤት፣ ወይ ካሜራሽ።” አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስታሳድግ፣ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ፣ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች ሙቅ ክፍል ስታድር የኖረች ልጅ ይህን ሥራ እንዴት እንደምትፈልገው እናንተው ገምቱት።

ስህተቱ የጀመረው ከጠዋቱ ነው። ዘከሪያ ሁለት ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። አንዱ ትልቅ፣ አናቱ ወዲያ ወዲህ የሚዞር፤ ሌላው ትንሽ፣ ፊት ለፊት ብቻ የሚያበራ።

“ትልቁ ጉልበት አለው፤ ግን ካደከምሽው ይሞቅና ራሱን ይዘጋል። ትንሹ ቀረብ ብለሽ እንድታነሺ ያስገድድሻል እንጂ አያስቸግርም” አላት። “ትልቁን ከያዝሽ ፊት ላይ ቀጥታ አታብሪ። ወደ ጣሪያ አዙሪው፤ ብርሃኑ ጣሪያውን መትቶ ለስለስ ብሎ ይወርዳል።”

ቦንቱ ትልቁን አነሳች። እንደ ደንበኛ ፎቶግራፍ አንሺ መታየት አምሯት ነው፤ ሌላ ምክንያት የላትም።

መጥታ ብታይ የሳሎኑ ጣሪያ አረንጓዴ! ብርሃኑን ወደ ላይ ስትልከው ውዳድ ወባ የያዛት መስላ ወጣች። ፊት ለፊት ስታዞረው ላብ ያረፈበት ግንባር ሁሉ እንደታጠበ ድስት አብለጨለጨ። በመጨረሻ ከራሷ ጀርባ ወዳለው ነጭ ግድግዳ አዞረችው፤ ይሄኛው ሠራ። ግድግዳው ግን ሩቅ ነው፤ ፍላሹ በሙሉ ጉልበቱ ማብራት ነበረበት። በዚህ ሙቀት የት ይችላል?

ሴቶቹም አላገዟትም። ዓዚዛ ገና በር ላይ ስትቀበላት ውሉን ነግራታለች።

“ስሚኝ ልጄ። አምና አንድ ሠርግ ላይ የተነሳ ፎቶ በስልክ ዞሮ ዞሮ ወንዶቹ እጅ ገባ። ዛሬ የሁሉም ስልክ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ነው። አንቺ ታነሻለሽ፤ ፍላሽሽ ብልጭ ሲል ወዴት እንደምታነሺ እናያለን፤ ያልፈለገች ትሸፈናለች። ተግባባን?”

“ተግባባን፣ እናቴ።”

እንዲህ ሆኖ ፍላሹ አንዴ ብልጭ ባለ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ሻሽና መዳፍ ይሆናል። ዓዚዛ ራሷ አንድም ፎቶ ላይ ፊት የላትም።

አሁን ፍላሹ ዝም ሲል ቦንቱ ከካሜራው ፈትታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። “እስኪቀዘቅዝ ዕረፉ!” አለች ጮክ ብላ።

ሴቶቹ እፎይ አሉ። ሻሾች ወረዱ። ለኤሲው ሲባል ተዘግተው የዋሉት መስኮቶች ተከፈቱ፤ ከጓሮው ነጭ አጥር ላይ የነጠረ የከሰዓት ብርሃን ሳሎኑን ሞላው። አንዷ ከበሮውን ጀመረች። ቦንቱ ብርሃኑ ይበቃ እንደሆነ ልትሞክር ካሜራዋን አነሳች። በቃ! ከበቂም በላይ ነበር። ተጫነች፤ ድምፁን ከበሮው ዋጠው። ሁለተኛ አነሳች፤ ከዚያማ ማን ያቁማት! ጀዋሪያን ዓይኗን ጨፍና ስትወዛወዝ አነሳቻት። ሁለት አሮጊቶች በአንድ ማራገቢያ ሲጣሉ አነሳች።

ዓዚዛንም አነሳቻት። ቀኑን ሙሉ ስትስቅና ስታዝ የዋለችው ሴትዮ፣ ሻሿን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በጫፉ የልጇን አንገት ላብ ትጠርግ ነበር፤ ሕፃን እንደሚያጥቡት፣ ከጆሮዋ ጀርባ ሳይቀር። ፊቷ ሊያለቅስ ጫፍ ላይ ደርሷል።

ቦንቱ ምስሉን አየችው። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም። ሥራው የኔ ነው አለች በሆዷ። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች፤ ዕረፉ ያለቻቸው ራሷ ናት። ዝም ብትል ማን ያውቃል? አልበሙ ውስጥ ሲያገኙት ይወዱት ይሆናል። ደግሞ ላይወዱትም ይችላሉ። ቀና ስትል አንዷ አሮጊት ራሷን ገልጣ፣ ምንም ሳትጠረጥር ሳቀችላት። ቦንቱ አፈረች። ካሜራዋን ይዛ ተነሳች።

“እናቴ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት።”

ዓዚዛ ተቀብላ አየች።

“ፍላሹ መቼ በራ?”

“አልበራም። ብርሃን ካገኘ ያለ እሱም ያነሳል። ዕረፉ ብዬ... ጥፋቴ ነው።”

“ሁላችንንም?”

“ሁላችሁንም።”

ዓዚዛ አጨበጨበች፤ ከበሮው ቆመ። “ሴቶች! ሻሻችሁን! ይቺ ልጅ ያለ መብረቅም ታነሳለች!”

ጉድ ፈላ። ጩኸት፣ “ያ አላህ!”፣ ሻሽ ፍለጋ። ቦንቱ የማዳም ወጥ ቤት ጎን ያለችው ክፍል ፊቷ ላይ ድቅን አለች። አለቀልኝ አለች።

“ነይማ፣ አንቺ ልጅ፣ እስቲ የኔን አሳዪኝ” አለች ጀዋሪያ እየገፋች መጥታ። “ኧረ! እኔ ነኝ ይቺ? እንዳታጠፊያት! አደራ፣ ለኔ ብቻ ነው የምትሰጪኝ።”

ከዚያ ሁሉም እየመጣች አየች። አንዷ “አጥፊው” ትላለች፤ አንዷ “ተይው” ትላለች። ቦንቱ እንዳሏት አደረገች። መጨረሻ ላይ ዓዚዛ ተመለሰች።

“የቱ ነው ማጥፊያው?”

ቦንቱ አሳየቻት። ዓዚዛ ምስሉን እንደገና ካየች በኋላ በራሷ ጣት ተጫነችው። ምስሉ ጠፋ። ዓዚዛ ወደ በሩ ሄደች፤ ከቅርጫቱ ስልኳን አውጥታ ደወለች።

“ዘከሪያ? ይሄ ፍላሽህ ሰው ቀቀለብን፤ ማታ መጥተህ ውሰድልኝ... ልጅቷ? ልጅቷማ የትም አትሄድ! የእህቴም ልጅ ሠርግ ላይ እሷን ነው የምትልክልኝ።” ስልኩን ቅርጫቱ ውስጥ መለሰች። “ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሥራሽን ቀጥዪ።”

ቦንቱ እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ወንበሩ ላይ የፍላሹ ትንሽ ቀይ መብራት በርታለች፤ ቀዝቅዟል፣ ዝግጁ ነው። አነሳችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። ከዚያ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ካሜራዋን ወደ ሙሽራዋ አዞረች።

“ላነሳ ነው!” ብላ ከከበሮው በላይ ጮኸች።

እዚህም እዚያም ሻሽ ወደ ላይ ወጣ። ዓዚዛ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣለች። እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች፤ ሻሿን ነካ አደረገችውና እዚያው ተወችው።

ቦንቱ አልተጫነችም። “ላነሳ ነው፣ እናቴ!” አለች ደግማ።

“ሰምቻለሁ” አለች ዓዚዛ። “አንሺ።”