የተደፈነው የውኃ መውጫ

የኮሌጁ ዲን እንደሚሉት፣ ሙስሊም ተማሪዎቹ ለመስገጃ በተሰጠቻቸው የሁለተኛ ፎቅ ክፍል ውኃ አፍስሰው ከሥር ያለውን ላብራቶሪ አጥለቀለቁት። ተማሪዎቹ ደግሞ፣ ቧንቧው እነሱ ሳይገቡም ያንጠባጥብ ነበር፤ ከሰላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱ የተጠቀሙበትን ውኃ ሁሉ በሳፋ ይዘው ሽንት ቤት ይደፉ ነበር ይላሉ።

ቧንቧ ሠራተኛው ምንጣፉን ሲገልጠው ሁለቱም ወገን ከፊል እውነት እንዳለው ታየ። ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ ዝጓል። የወለሉ ውኃ መውጫ ግን በፕላስቲክና በማጣበቂያ ድፍን ብሏል።

«ይኼ የማን ጥበብ ነው?» አለ።

«የኔ» አለ ጓደኞቹ ኢንጂነሩ የሚሉት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ክፍሏ ድሮ የመወልወያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች። ከመውጫው ሽታ ሲመጣበት ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር፣ እንዳይነካቸው ብሎ ደፈነው።

«ቅንድብ እኩላለሁ ብሎ ዓይን አጠፋ! ምን አስበህ ነው?»

«ንጹሕ እንዲሆን።»

«ንጹሕማ አደረግኸው። ላብራቶሪውንም አጥበህልናል።»

ማንም አልሳቀም። ኢንጂነሩ ወደ ዲኑ ቢሮ ገባ።

«ልጄ፣ ይህችን ክፍል ለማግኘት የማን ፊት እንደገረፈኝ አታውቅም» አሉ ዲኑ። «አሁን በየትኛው አፌ ልለምንላችሁ?»

«ቧንቧው እኮ ያረጀ ነው።»

«አውቃለሁ። የበላዮቼ የሚያዩት ግን የተደፈነውን ነው። ክፍሏ ተዘግታለች፤ ከግቢው ጋራዥ ጀርባ ስገዱ፤ ማንም አይነካችሁም።»

«ወንዶቹስ እሺ። ሴቶቹ?»

ዲኑ ተነሥተው በሩን ከፈቱለት።

አንደኛ ዓመት የገባችው እህቱ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀው ነበር። አባታቸው እሷን እዚህ የላካት፣ እሱ «በሩ የሚዘጋ መስገጃ አለ» ብሎ ስለማለለት ነው። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት በሁለት የላብራቶሪ ትምህርቶች መሀል ይገባል፤ ቤታቸው ሩቅ ነው። ክፍሏ ከተዘጋች ወዲህ ደረጃው ሥር ስትሰግድ አንዱ በስልኩ ቀረጻት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጥበቃው አስነሳት።

«እስኪያልፍ ድረስ ማታ ቤት ገብተሽ ያለፈሽን ሰላት ቀዷ ታወጪያለሽ» አላት።

«ያለፈኝን እንጂ፣ እያወቅሁ ያሳለፍሁትን?»

«እህት ዓለም፣ ዲኑን ደግሜ ላናግራቸው።»

«ተዋቸው። እሳቸውም የሰው ፊት ሰልችቷቸዋል።»

ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ባልዲዎቹን እያንኳኩ ወደ ክፍሏ ሲመልሱ ወንድምና እህቱ ቆመው አዩ። ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ አሁንም ውኃ ያንጠባጥባል።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ።

«ለደግ ብለህ ነው፣ ወንድሜ። ግን ምን ይጠቅመኛል?»

«አባባን ምን ልበለው?»

ደብተሮቿን ከቦርሳዋ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ምንም አትበለው፤ እኔ እነግረዋለሁ» አለች፣ የጽዳት ሠራተኞቹ እስኪዞሩ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ትምህርቱን ትቼ ወደ ቤት እመለሳለሁ።»