መቶ ሃያ ግራም

ኮምፒውተር ጠጋኙ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ላሜራ አንስቶ እንደገና ሚዛን ላይ አስቀመጣት። መቶ ሃያ ግራም። ደስ አለው። ሁለት ኪሎ የነበረው የእህቱ ላፕቶፕ ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጣ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ሰማንያ ነበር። ሲዲ ማጫወቻውን አውጥቷል፣ ሃርድ ዲስኩን ጣት በምታህል ቺፕ ተክቷል፣ ባትሪውን በስስ ቀይሯል። በመጨረሻም ከባትሪው ሥር፣ ከታችኛው ክዳን በላይ የምትተኛውን ይህችን ላሜራ “ትርፍ ብረት” ብሎ አነሳት። ሰው ጥፋቱን በግራም መክፈል ከጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ጥፋቱ የታወቀ ነው። ከሰባት ወር በፊት ታላቅ እህቱን በሞተር ሲወስዳት ወደቁ፤ እሱ ክርኑ ተላጠ፣ የእሷ ትከሻ ተሰበረ። ትምህርት ቤት መሄድ የማይችሉ ሕመምተኛ ልጆችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምታስተምር ናት። ሐኪሙ ከኪሎ ተኩል በላይ እንዳትሸከም አዘዘ፤ መሥሪያ ቤቷም ዛሬ ሥራ ካልጀመረች በሌላ ሰው እንደሚተካት ነገራት።

ጠጋኙ እጁ ሥራ መፍታት አያውቅም። አንድ ትርፍ የክዳን ብሎን አንስቶ በላሜራዋ ቀዳዳ ውስጥ ከተተው። ጫፉ በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ። ላሜራዋን አውጥቶ ብሎኑን ብቻውን አየው፤ ያን ጊዜ ገባው። ብሎኑ የተሠራው ላሜራዋን ታሳቢ አድርጎ ነው። እሷ ከሌለች በውፍረቷ ልክ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ውስጥ ያለው ደግሞ ባትሪው ነው፤ የተበሳ ባትሪ ይነዳል።

ደወለ። ስልኳ ዝግ ነው፤ ስታስተምር ታጠፋዋለች። ሞተሩ በር ላይ አቧራ ለብሶ ቆሟል፣ ቁልፉ ግን ከአደጋው ወዲህ የት እንደገባ አይታወቅም፤ እሱም አጥብቆ አልፈለገውም። ላሜራዋንና ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ እህቱ ዛሬ ወደምታስተምርበት ቤት ሦስት ፌርማታ ሮጠ። አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

እህቱ የምታስተምራት ልጅ እናት በሩን ከፈተችለት። ልጅቷ አልጋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። ላፕቶፑ ጭኗ ላይ ነው። በክርኗ ተጭናው ትጽፋለች።

“እትዬ” አላት እህቱን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አጥፊውና ቀስ ብለሽ ከላይዋ አንሺልኝ።”

እህቱ ፊቱን አየችና ላፕቶፑን አጠፋችው። በሁለት እጇ አነሳችው። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኮ ብሎኖቹን ሲፈታ ካቻቢቴው ሁለት ጊዜ አመለጠው። የባትሪው ሽፋን ላይ ምስር የምታህል ጉድጓድ ነበረች። አልተበሳም። ባትሪውን ነቅሎ ከሰው አርቆ አስቀመጠና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

“ላሜራዋን ባላወጣት ኖሮ...” አለ። “የሰው ልጅ ጭን ላይ፣ እትዬ።”

“ለምን አወጣሃት?”

“እንዲቀልልሽ ነዋ። ትከሻሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ።”

“ሞተሩ ላይ በገዛ እግሬ ነው የወጣሁት። አዝለህ አላወጣኸኝም” አለች ቆጣ ብላ። “በል መልሳት።”

“አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ይሆናል። ሐኪሙ...”

“መልሳት አልኩህ።”

መለሳት። ለዛሬው በግድግዳ ሶኬት ይሠራል፤ ነገ ሌላ ባትሪ ይገባል። ቀና ሲል እህቱ ሰባት ወር ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመውን ቦርሳዋን ታች ድረስ ትዳብሳለች። ከሥሩ የሞተሩን ቁልፍ አወጣች። እንዳይጠፋበት ብሎ ራሱ ያሰረበት ትልቁ የብረት ኩሽኔታ እንደተንጠለጠለበት ነው።

“ላፕቶፑን ስትመዝን ከረምክ፤ ቦርሳውን አልመዘንክም” አለችው። “ደግመህ ትወጣበታለህ ብዬ ነው የደበቅኩት። እኔም ፈርቼ ነበር።”

ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችው። ከላሜራዋ ይከብዳል። የጠጋኙ ዓይን እንባ ሞላ።

እህቱ ላፕቶፑን ታቅፋ ወደ ተማሪዋ ዞረች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

“አሥር ሰዓት ላይ እጨርሳለሁ። በሞተሩ መጥተህ ውሰደኝ።”