ለሚሞ ምርኩዝ

ሞንቴፎርኮ አደባባይ መሀል ቆማችሁ «ሚሞ!» ብላችሁ ብትጣሩ አርባ ወንድ ዞር ይላል፤ የሚመጣው ግን የሥጋ ሻጩ ውሻ ብቻ ነው። ጥፋቱ የደብራችን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱስ ዶሜኒኮ ስለሆነች ከሁለት ወንድ አንዱ ዶሜኒኮ ተብሎ ክርስትና ይነሣል፤ ዶሜኒኮ ደግሞ ጡት ሳይጥል ሚሞ ይሆናል። ስለዚህ ሚሞ መባል ብቻውን አይበቃም፤ ቅጥያ ያስፈልጋል። ባለ ቡና ቤቱ ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚናገር ሚሞ ሁለቴ ነው። መለከት ነፊው ሚሞ ሳንባ ነው። የእኔው ባል ሚሞ ቀስታ ይባላል። እኔን ለማግባት አራት ዓመት አስቦበታል፤ እስከ ዛሬም አስቦ የጨረሰ አይመስለኝም።

በእኛ ዘንድ የልጅ መጀመሪያ ወንድ ከሆነ የአባቱን አባት ስም ይይዛል። ይህንን ለሽማግሌው ምርኩዝ መስጠት እንለዋለን። ምርኩዝ ያገኘ ሰው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ያላገኘው ግን አደባባዩ ላይ ከእኩዮቹ ጋር ሲቀመጥ እንኳ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ነው፤ ማንም ሂድ ሳይለው ራሱ ወደ ጫፍ ይሸሻል። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ምርኩዝ ይሰጣል እንጂ አይለመንም። ለምኖ ያገኘውን ሰው ሲስቁበት ይኖራሉ። ሳቅ ደግሞ እዚህ ከተማ ከወይን ጠጅ ይልቅ ይቆያል።

ባሌ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ያለን አንድ ልጅ ጋኤታኖ ነው። ቶሪኖ ሄዶ መኪና ፋብሪካ ገባና እዚያው ሎሬዳና የምትባል የሰሜን ሴት አገባ። ቀጭን፣ ሱሪ የምትለብስ፣ ስትስቅ አፏን የማትሸፍን። በነሐሴ ለቅዱስ ዶሜኒኮ በዓል ሲመጡ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጎረቤቴ አሱንታ፣ አበልጄ ናት፣ በር ላይ ሆና ሆዷን ገና ስታየው «ሹል ነው፤ ወንድ ነው» አለች። አሱንታ በሆድ ተሳስታ አታውቅም ይባላል፤ ይህን የምትለው ግን ራሷ አሱንታ ናት።

የመጀመሪያውን ምሳ ልንበላ ተቀምጠን፣ ባሌ አይብ እየቆረጠ፣ ሎሬዳና «ስም እኮ አውጥተናል» አለች።

ባሌ ቢላዋውን አይቡ ላይ እንደ ተከለው ቀረ።

«ዋልተር» አለች።

«ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ስሙ ነው።»

«የማን?»

«የልጁ ነዋ፣ እማማ።»

ዋልተር! ሰው አጥንት አንቆት ሲተፋው የሚያሰማው ድምፅ። ልጄን አየሁት። ጋኤታኖ ቁልፍ እንደ ጠፋበት ሰው ፓስታውን ያገላብጣል። ባሌ ብዙ ቆይቶ «ጥሩ ስም ነው» አለና ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ቲማቲሞቹን ሊያስር። ቲማቲሞቹ ጧት ታስረዋል። በመስኮት አየሁት፤ የታሰረውን እየፈታ እንደገና ያስራል።

ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። መለመን አልችልም፤ እኔ ኢንኮሮናታ ከአማቴ እንኳ ጨው ለምኜ አላውቅም። ሚሞ ማለት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማሳየት ግን ማን ከለከለኝ? ይህች ልጅ ቶሪኖ ተወልዳ ስንት የታወቀ ሚሞ እንዳለ ከየት ታውቃለች?

በማግስቱ ሚሞ ሳንባን ምሳ ጠራሁት። ንጉሥ ፊት መለከት የነፋ ሰው ነው። ቀይ ክራቫቱን አስሮ መጣና ሦስት ሳህን ደበርጃን በልቶ ጀመረ።

«በጣቢያው የንጉሡ ባቡር ያልፋል ተባልን። ከንጋት ጀምረን ቆምን። ባቡሩ ብቅ ሲል እኔ ነፋሁ። እንዴት ያለ አነፋፍ! የሸሚዜ ሁለት ቁልፎች ወለቁ።»

«ንጉሡስ ምን አሉ?» አለች ሎሬዳና።

«መጋረጃው ተዘግቶ ነበር።»

«ተኝተው ይሆናላ።»

«በእኔ መለከት? አንቺ ልጅ፣ በእኔ መለከት የሞተም አይተኛ! ባቡሩ አልቆመም እንጂ።»

«ታዲያ ንጉሡ መሆናቸውን በምን አወቃችሁ?»

ሚሞ ሳንባ ደበርጃን ጨመረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሎሬዳና ጠርሙሱን አንሥታ ቀዳችለት፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትይዝ አየኋት።

ሐሙስ ደግሞ ሚሞ ጭራን አመጣሁት። ብስክሌት ነጂ ነበር፤ አገር የሚዞረውን ትልቁን ውድድር የጋለበ። ፎቶውን ከነመስታወቱ ተሸክሞ መጣ።

«ስንተኛ ወጡ፣ ጋሼ?» አለችው።

«መጨረሻ።»

እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት። ያረጀ እግር ነው፤ አልተሰማውም።

«ኋላ የቀረሁት በሦስት ሰዓት ነው» አለ ኩራት በኩራት ሆኖ። «አንድ መንደር ሳልፍ ሠርግ አገኘሁ። ግባ አሉኝ። የደከመ ሰው ግባ ሲባል ምን ይላል? ገባሁ። ሙሽራዋን ሁለት ዙር አስጨፈርኳት።»

«ብስክሌቱስ?»

«እሱም በላ፤ ዘይት ሰጡት። እስቲ ልጠይቅሽ፤ የዚያን ዓመት አንደኛ የወጣው ማን ነበር?»

«አላውቅም።»

«አየሽ! እኔን ግን ዛሬ ምሳ ጋብዘውኛል።»

ሎሬዳና እስክታነባ ሳቀች። ባሌ እንኳ ጥግ ላይ ሆኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ለሚሞ ስም ክብር ብዬ የጋበዝኳቸው ሁለቱም ቤቴ ገብተው አጋለጡኝ።

አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር። ለበዓሉ ቄሱ ከአውራጃ ከተማ ፊልም አስመጥተው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ግቢ በአንሶላ ላይ ያሳያሉ ተባለ፤ ስሙም «ሚሞ ወታደሩ» ነው አሉ። ማስታወቂያው ተለጥፎ ነበር፤ እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት አህያ ገበያ ላይ የሚቆየውን ያህል ስለሆነ አላነበብኩትም። ግን ወታደር! ሜዳልያ፣ ፈረስ፣ ባንዲራ ታየኝ። ሎሬዳናን ከፊት አስቀመጥኳት፤ ጀርባዋ ላይ ትራስ አደረግኩላት።

ያ ሚሞ ገና ከመጀመሪያው ከጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሲያወጡት ሱሪው ቀረ። ጠመንጃውን ገልብጦ ይዞ የጄኔራሉን በቅሎ ሰላም አለ። በፊልሙ ውስጥ አለቃው «ሚሞ!» ብሎ በጮኸ ቁጥር ግቢው ውስጥ ያሉት የኛ ሚሞዎች ሁሉ በአንድ ድምፅ «አቤት!» ይላሉ። ቄሱም ሳቁ። እኔ የዓለም ፊልም ሁሉ ተቃጥሎ ይህኛው ብቻ የተረፈ መሰለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሎሬዳና ክንዴን ያዘች። ሌሎቹ ቀድመዋል።

«እማማ ኢንኮሮናታ፣ የሚጠይቁኝ ነገር አለ?»

«እኔ? ምን እጠይቅሻለሁ?»

«እንጃ። እንዲያው ካለ።»

«መንገዱ ድንጋይ ነው፤ እግርሽን እይ» አልኳት።

እግሯን አየች። በሳምንቱ ወደ ቶሪኖ ተመለሱ። ባሌ ጣቢያ ድረስ ሸኝቷቸው መጣና አደባባዩ ላይ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ግማሽ መቀመጫው አየር ላይ።

በኅዳር፣ ቅዳሜ ጧት፣ ሊጥ እያቦካሁ ሳለ ሚሞ ሁለቴ ከቡና ቤቱ በር ላይ ሆኖ ጮኸ።

«ቶሪኖ! እትዬ ኢንኮሮናታ፣ ቶሪኖ ነው! ቶሪኖ ነው!»

እጄ ላይ ሊጥ እንዳለ ሮጥኩ። ባሌ ከኋላዬ፣ በራሱ አካሄድ። ስልክ ያለው ቡና ቤት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሞንቴፎርኮ ለብቻ ስልክ ማነጋገር የለም። ሚሞ ሳንባ ካርታውን ገልብጦ አስቀመጠ። ሚሞ ጭራ ወንበሩን አቀረበ። አሱንታ ከየት መጣች እንዳትሉኝ፤ ነበረች።

«እማዬ» አለ ጋኤታኖ፣ «ከሐሙስ ጀምሮ እየደወልኩ ነው፤ የት ጠፋችሁ?»

ሚሞ ሁለቴን አየሁት። እጀታውን ሳይሰቅል ሁለት ቀን ሙሉ አጋድሞት ኖሯል። ጣራውን ያይ ጀመር።

«ወለደች? ደህና ናት?»

«ደህና ናት፤ አጠገቤ ቆማለች። እማዬ፣ ሴት ናት።»

«ሴት?»

«ሴት ናት፣ ሴት ናት» አለ ሚሞ ሁለቴ ለቤቱ።

አርባ ሚሞ ያለበት ከተማ፣ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ልጁ ስም ሲከራከር፣ ሴት ልትሆን ትችላለች ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። አሱንታ «ሆዱ ሹል ነበር» አለች ቀስ ብላ። እንዳልሰማ ሆንኩ።

«ስሟን ሰኞ ነው የማስመዘግበው» አለ ጋኤታኖ። «እንደ ሥርዓቱ በአባት እናት ነው። ኢንኮሮናታ እንላታለን። ሎሬዳናም እሺ ብላለች። ትንሽ አልቅሳ ነው፣ ግን እሺ ብላለች።»

አልዋሽም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ። ሥርዓት ነው፤ ሳልለምን የመጣልኝ የራሴ ምርኩዝ ነው። ሚሞ ሁለቴ ዜናውን ሁለት ጊዜ አስተላለፈና ሁሉም «እንኳን ደስ ያለሽ!» እያሉ ትከሻዬን መቱት። ባሌም ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ኢንኮሮናታ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ሄዶ ተቀመጠ። ጫፉ ላይ። አግዳሚው ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።

ባዶ አግዳሚ ጫፍ ላይ!

«ሎሬዳናን ስጠኝ» አልኩ።

«እማዬ፣ ሳንቲሜ እያለቀ ነው።»

«ስጠኝ አልኩህ!»

«እማማ» አለች ሎሬዳና። ድምፅዋ ደክሟል።

«ልጄ። ደህና ነሽ? ሕፃኗ ትጠባለች?»

«ትጠባለች።»

«ጥሩ። ጥሩ ነው። እ… ብርድ ነው እዚያ?»

«እማማ፣ ሳንቲሙ።»

ዞር ብዬ አየሁ። ሁሉም ጆሮ ሆነዋል። ሚሞ ሳንባ ሲጋራውን አፉ ላይ ረስቶታል።

«ኢንኮሮናታ አትበያት» አልኩ። «ዶሜኒካ በያት። ሚማ እንላታለን። በባሌ ስም። እለምንሻለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ያ አፏን የማትሸፍንበት ሳቅ መጣ፤ ልቅሶ ተቀላቅሎበታል።

«እማማ! ይህችን አንዲት ቃል ነው እኮ ከነሐሴ ጀምሮ የጠበቅኳት! ያን ሁሉ መለከት ነፊ ከሚያመጡብኝ አንዴ ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት?»

«አይጠየቅማ! ዋልተር ያልሽውስ?»

«ዋልተርን እኔ አመጣሁት? ልጅዎ ነው እንጂ፤ ከመኪና መጽሔት ያገኘው። እኔማ ሚሞን ወድጄው ነበር፤ በተለይ በቅሎዋን ሰላም ካለ በኋላ…»

ሳንቲሙ አለቀ።

እጀታውን ራሴ ሰቀልኩት፤ በደንብ። ሊጡ እላዩ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ሚሞ ሁለቴ እስከ ዛሬ ይፍቀዋል። መጀመሪያ የተናገረው ሚሞ ሳንባ ነው። ዝም ማለት መች ይችላል?

«እንግዲህ ሴት ምርኩዝ ግማሽ ምርኩዝ ናት» አለ። «ያውም የተለመነች።»

አፌን ልከፍትበት ስል ባሌ ተነሣ። አርባ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ፈጥኖ ሲመልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ያንተ ምርኩዝ ጀርመን ሄዶ ለገና እንኳ አይጽፍልህም» አለው። «የጭራ ምርኩዝ መለከትህን ሸጦ ጠጥቶብሃል። የእኔዋ የሁለት ቀን ልጅ ናት፤ እስካሁን ያስቀየመችው ሰው የለም።»

ይህን ብሎ ካርታ ከሚጫወቱበት አግዳሚ ሄደና መሀሉ ላይ ተቀመጠ። ግራና ቀኝ ያሉት መጠጋት ነበረባቸው። ሚሞ ሳንባ ከዳር ቀረ፤ አንድ እግሩ ውጭ።

ለመንሽ ብለው ይስቁብኛል፤ አሁንም ይስቃሉ። አሱንታ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትገዛ «እለምንሻለሁ» ትላለች፤ ለእኔ ነው የምትለው። ይሳቁ። ባሌ ሚማን ቶሪኖ ጥምቀቷ ላይ ሲይዛት ደርሰው ቢያዩት ኖሮ አይስቁም ነበር። ሦስት ሰው ልቀበልህ ቢለው አልሰጥም ብሎ፣ የዚያው ቄስ እንኳ ውኃውን ያፈሰሱት በእሱ ክንድ ላይ ነው።

እኔ እንግዲህ ያለ ምርኩዝ ቀርቻለሁ። ሎሬዳና ሁለተኛ ልጅ ታስባለች ይላሉ፤ ሴት ከሆነች ያው ሥርዓቱ የታወቀ ነው። አልጠይቅም። አንዴ ጠይቄያለሁ፤ ለዕድሜዬ ይበቃል። የላክሁላት ሁለት ራስ የበግ አይብ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ደግሞ ቄሱን አግኝቻቸው፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል፣ ኢንኮሮናታ የምትባል ሴት ያለችበት ፊልም ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጉድጓድ ውስጥ የማትወድቅ ከሆነች ይምጣ ብያቸዋለሁ።